እግሩን ቁጠሩ፦ ነፍሳትን ከሸረሪት ወገን ለመለየት የሚረዳ መመሪያ

ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ስትሄድ ከታየች መጀመሪያ የሚነሳው ጫማ ነው። ቀጥሎ "ፍሊት አምጡ!" ይባላል። ምን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ከጫማውም ከፍሊቱም በፊት እግር ይቆጠር ባይ ነኝ።

ይሄ ለባዮሎጂ ፈተና ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። ልጁን ሌሊቱን ሙሉ የሚያሳክከው ቅማል ነው ወይስ እከክ? የቲማቲሙን ቅጠል ያገረጣው ምንድን ነው? የላሟ ጡት ላይ የተጣበቀውስ ምን ዓይነት መድኃኒት ይፈልጋል? መልሱ ከእግር ቆጠራ ይጀምራል። ለነፍሳት የተሠራ መድኃኒት የሸረሪትን ወገን ንክች ላያደርገው ይችላል። ብሩ ይባክናል፣ ተባዩም ሥራውን ይቀጥላል።

ነፍሳት ስል በትምህርት ቤት ሦስት አጽቄ የሚባሉትን ብቻ ማለቴ ነው፦ ዝንብ፣ ንብ፣ ጉንዳን፣ አንበጣ፣ ጢንዚዛ፣ ቅማል፣ ቁንጫ፣ ትኋንና የመሳሰሉትን። የሸረሪት ወገን የምለው ደግሞ ሸረሪትን፣ ጊንጥን፣ መዥገርንና የእከክ ተባይን ነው። ደሴም ሆናችሁ ኮምቦልቻ፣ ባቲም ሆናችሁ ቆቦ፣ ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው እንስሳ ሁሉ ከደጃፋችሁ አይርቅም።

ደረጃ 1፦ ዕቃና ሰዓት

ክዳን ያለው የማርማላታ ብልቃጥ፣ ነጭ ወረቀት፣ ወረንጦና አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። አጉሊ መነጽር ከሌለ ስልክ ይበቃል። ስልኩን በፊቱ ደፍታችሁ፣ በስንደዶ ጫፍ አንድ ትንሽ የውኃ ጠብታ የካሜራው መስታወት ላይ አኑሩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ገልብጡትና ወደሚታየው ነገር በጣም አስጠጉት። ጠብታዋ ትንሽ ከሆነች አትወድቅም፣ የጉንዳን አንቴና ሳይቀር አጉልታ ታሳያለች። የካሜራው መስታወት የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ይሄን ዘዴ ተዉት።

አያያዙ ቀላል ነው። ብልቃጡን ከላይ ትደፋላችሁ፣ ወረቀቱን ከሥር ታሾልካላችሁ፣ አንድ ላይ ታነሳላችሁ። እጅ አያስፈልግም።

ሰዓት መምረጥ ከዕቃው በላይ ይጠቅማል። እነዚህ ፍጥረቶች ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ነው፤ ሲበርዳቸው ይደነዝዛሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የኅዳር ጠዋት ብርዷ የታወቀ ነው። ፀሐይ የጦሳን ተራራ ሳታሞቅ ሣር ውስጥ የተገኘች ፌንጣ ለመዝለል አቅም የላትም። ቆላ ያለ ሰው ደግሞ ብልቃጡን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያስቀምጠው። ፍሪጅ እንጂ ፍሪዘር አላልኩም።

ደረጃ 2፦ ከፌንጣ ጀምሩ

ብዙ ሰው ከጉንዳን ይጀምራል። እኔ አልመክርም፣ በጣም ትንሽ ናት። ፌንጣ ወይም አንበጣ ግን ሁሉም ክፍሉ ለዓይን የሚሞላ ነው። ማሽላ ከታጨደ በኋላ በቆረንና በሣር መሃል አይጠፋም።

ከላይ ሳይሆን ከጎን እዩት። ሦስት ክፍል አለው፦ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ። ይሄ የነፍሳት ሁሉ መለያ ነው።

ራሱ ላይ መጀመሪያ የምታዩት ሁለት አንቴና ነው። የሚዳስስበትም የሚያሸትበትም እሱ ነው። ከአንቴናው ጎንና ጎን ትልልቅ ዓይኖች አሉ። እያንዳንዱ ዓይን በብዙ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ነው፤ መነጽሩን ስታስጠጉ እንደ ወንፊት የተነጠበ ይመስላል። ከነሱ ሌላ ግንባሩ አካባቢ ሦስት ነጥብ የሚያካክሉ ተራ ዓይኖች አሉ። እነሱ ብርሃንና ጨለማ ለመለየት እንጂ ምስል ለማየት አይደሉም። አፉን ለማየት አንድ የሣር ቅጠል አቅርቡለት። መንጋጋው እንደኛ ወደ ላይና ወደ ታች አይከፈትም። ከግራና ከቀኝ ይገጥማል፣ ቅጠሉንም ከጠርዙ እየከረከመ ይገባል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የበረሃ አንበጣ በራያ ቆቦ፣ በሐብሩ፣ በወረባቦና በባቲ የደረሰውን ማሽላ ያወደመው በዚህ ከጎን ወደ ጎን በሚሠራ መንጋጋ ነው። አንድ የጎለመሰ የበረሃ አንበጣ 2 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በቀን የሚበላውም የራሱን ክብደት ያህል ነው። አንዱን ስታዩት ምንም አይደለም። መንጋ ሲሆን ነው ጣጣው።

ቀጥሎ ደረቱ። ከአንገቱ በላይ የተደፋው ጠንካራ ጋሻ የደረቱ የመጀመሪያ ክፍል ሽፋን ነው። ደረቱ ራሱ ሦስት ቀለበት አለው፣ እያንዳንዱ ቀለበት ደግሞ አንድ ጥንድ እግር። ሦስት ጊዜ ሁለት፣ ስድስት። ፌንጣውን በጀርባው አስተኝታችሁ ብታዩት ስድስቱም እግር ከደረት እንጂ አንድም ከሆድ እንደማይወጣ ታረጋግጣላችሁ። ክንፎቹም ከደረት ናቸው። የፊተኛው ጥንድ ጠባብና ወፈር ያለ ሲሆን ለኋለኛው ሽፋን ነው። የኋለኛውን በወረንጦ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ታጥፎ የነበረው ይዘረጋል፣ ቀጭንና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። የሚበርበት በዋናነት በሱ ነው።

ሆዱ ላይ ቆም በሉ። ዝም ብላችሁ ብታዩት ይተነፍሳል፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ግን በአፍንጫ አይደለም። በሆዱ ጎንና ጎን፣ በየቀለበቱ አንዳንድ ጥቃቅን ቀዳዳ አለ። ደረቱ ላይ ያሉት ሲጨመሩ በአንድ ጎን 10 ይሆናሉ። አየር በነሱ ገብቶ በቀጫጭን ቱቦዎች ቀጥታ ወደየአካሉ ይደርሳል። ስለዚህ ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም ሥራ የለበትም፣ ቀይ መሆንም አላስፈለገውም። ትንኝ ስትጨፈልቁ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ቀይ ደም የሷ አይደለም፣ የራሳችሁ ነው።

ጆሮውን ፈልጉ። አንቴናው አጭር ከሆነ ጆሮው ሆዱ ላይ ነው፤ ከክንፉ ሥር፣ የመጀመሪያው የሆድ ቀለበት ላይ፣ ስስ ሽፋን ያለው ክብ ነገር ታያላችሁ። አንቴናው ከሰውነቱ የሚረዝም ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጆሮው የፊት እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ነው። ልጆች ይሄን ሲያዩ ሌላውን ትምህርት ሁሉ ይረሱታል።

ደረጃ 3፦ ሕጉን በሌሎቹ ላይ ሞክሩት

ሦስት ክፍል፣ ስድስት እግር፣ ሁለት አንቴና። ይሄን ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ።

ከጎታው ነቀዝ አውጡ። 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ብትሆን ነው። ራሷ ወደ ፊት ተስቦ ረጅም ሆኗል፤ አፏ ጫፉ ላይ ነው፣ አንቴናዋም የሚወጣው ከዚያው ነው። በዚያ አፍ እህሉን ትበሳለች፣ እንቁላሏን ቀዳዳው ውስጥ ትጥላለች፣ ከዚያ ትደፍነዋለች። ከውጭ ደህና የሚመስል በቆሎ ከውስጡ ነቀዝ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጀርባዋ ጠንካራ የሆነው የፊተኛው ክንፏ ወደ ሽፋንነት ስለተለወጠ ነው። ጢንዚዛዎች ሁሉ እንደዚያ ናቸው።

ዝንብ ክንፏ ሁለት ብቻ ነው። የኋለኛው ጥንድ ወደ ትንንሽ ድቡልቡል እንጨቶች ተለውጧል፤ ስትበር ሚዛን የምትጠብቅበት ነው። ትንኝም እንደዚሁ። ከሚሴና ቆቦ ላለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ አንቴናዋን እዩ። በጣም ጸጉራም ከሆነ ወንድ ነው፣ አይነክስም። የወባዋ ትንኝ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ኋላዋን ወደ ላይ ታነሳለች፤ ሌሎቹ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆነው ነው የሚያርፉት።

ቅማል፣ ቁንጫና ትኋን ክንፍ የላቸውም። ክንፍ የሌለው ሁሉ የሸረሪት ዘመድ ነው ማለት ግን አይደለም። ሁሉም ስድስት እግር አላቸው። ስለዚህ በክንፍ አትፍረዱ።

አባጨጓሬና ተምች ሰውን ያሳስታሉ። ብዙ እግር ያላቸው ይመስላሉ። በመነጽር ስታዩ ግን ከራሱ አጠገብ ያሉት ሦስት ጥንዶች ብቻ አንጓ ያላቸው፣ ጠንካራና ጥፍራም ናቸው። እውነተኛ እግሮቹ እነሱ ናቸው። ከኋላ ያሉት ሥጋ ብቻ ናቸው፣ ቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት ሲሆን ይጠፋሉ። በቆሎ ላይ ተምች ካገኛችሁ ግንባሩንም እዩ። የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ፊደል ዋይ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር ካለ፣ ከጭራው በፊት ባለው ክፍል ላይ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥብ በካሬ ከተቀመጠ፣ በ2009 ዓ.ም. አገር ውስጥ የታየው መጤ ተምች ነው። ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ዛሬውኑ ንገሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አምስት ወይም ሰባት እግር ከቆጠራችሁ አዲስ ፍጥረት አላገኛችሁም። ፌንጣም ሸረሪትም ሲይዟቸው እግራቸውን ጥለው ያመልጣሉ። የተቆረጠበትን ቦታ ፈልጉና ደምሩት።

ደረጃ 4፦ ሸረሪት

ቤት ጥግ ላይ ቀጭንና ረጅም እግር ያለው ሸረሪት አለ፤ ስትነኩት ከነድሩ ይርገበገባል። እሱን ውሰዱ፤ ሰው አይጎዳም።

የሰውነቱ ክፍል ሁለት ነው። ራስና ደረቱ አንድ ላይ ተዋህደዋል፣ ሆዱ በቀጭን ወገብ ይያያዛል። ስምንቱም እግር የሚወጣው ከፊተኛው ክፍል ነው። አንቴና የለውም። ክንፍ በሸረሪት ወገን ታሪክ ውስጥ የለም።

ከእግሮቹ ፊት ሁለት አጫጭር እግር የሚመስሉ ነገሮች አሉ። እነሱን ቆጥራችሁ "አሥር ነው" እንዳትሉ። የሚዳስስባቸው ናቸው፣ አይራመድባቸውም። ጫፋቸው ያበጠ ከሆነ የያዛችሁት ጎልማሳ ወንድ ሸረሪት ነው። በመሃላቸው ወደ ታች የተጠጉት ሁለቱ ጥርሶች መርዝ የሚወጋባቸው ናቸው። ሸረሪት አኝኮ አይበላም። የሚፈጭ ፈሳሽ አውጥቶ የታደነውን ያሟሟዋል፣ ከዚያ ይመጠዋል። ድሩ ላይ የተንጠለጠለ የዝንብ ቅርፊት ካገኛችሁ ውስጡ ባዶ ነው።

ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ነው፤ ሁሉም ተራ ዓይን ናቸው፣ እንደ ፌንጣው በብዙ ዓይን የተሠራ የለም። መስኮት ላይ እየዘለለ ዝንብ የሚያድነውን ትንሹን ሸረሪት ካገኛችሁ ከፊት ለፊት እዩት። ሁለት ትልልቅ ዓይን አፍጥጠው ያዩአችኋል፤ ጣታችሁን ስታንቀሳቅሱ ዞሮ ይከተላችኋል።

የሞተ ሸረሪት እግሩን ለምን እንደሚሰበስብ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እግሩን የሚያጥፍበት ጡንቻ አለው፤ የሚዘረጋው ግን በዋናነት በፈሳሽ ግፊት ነው። ሲሞት ግፊቱ ይጠፋል፣ እግሩም ይታጠፋል።

ደረጃ 5፦ ጊንጥን በሩቁ

ጊንጥ አትያዙ። ልጆችም እንዳይዙ። በባቲ፣ በቆቦና በከሚሴ ቆላ ከድንጋይ ሥር፣ ከማገዶ ክምር ውስጥና ከጫማ ውስጥ ይገኛል። ፎቶ አንሱ፣ ዙም አድርጉ፣ ከፎቶው ላይ ቁጠሩ።

መቆንጠጫዎቹ እግር አይደሉም። ሸረሪቱ የሚዳስስባቸው ሁለቱ ነገሮች እዚህ አድገው መቆንጠጫ ሆነዋል። እነሱን ትታችሁ ስትቆጥሩ ስምንት ትሆናለች። ጭራው የሆዱ ቀጣይ ነው፤ አምስት አንጓ አለው፣ መርዙና መውጊያው ከጫፉ ላይ ነው። እናቲቱ ልጆቿን ወልዳ ጀርባዋ ላይ ትሸከማለች። በጀርባዋ ነጫጭ ጥቃቅን ነገር የሞላባት ጊንጥ ካያችሁ እነሱ ልጆቿ ናቸው።

ማታ ለማየት የብር ኖት የሚፈተሽበት ሐምራዊ ባትሪ ይጠቅማል። ጊንጥ በዚያ ብርሃን ሥር አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቆላ ለሚያድር ሰው ከመተኛቱ በፊት ወለሉን አንዴ በዚህ ባትሪ ማየት ጥሩ ልማድ ነው። የተነደፈ ሰው ካለ አትብጡ፣ አትምጠጡ። በተለይ ሕፃን ከሆነ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

በቆላው ማታ መብራት ተከትሎ እየሮጠ የሚመጣ ፀጉራም ፍጥረትም አለ። እግሩ አሥር ይመስላል፤ ስምንት ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ መዳሰሻ ናቸው። መርዝ የለውም። መንጋጋው ግን ይነክሳልና አትያዙት።

ደረጃ 6፦ መዥገር፣ እከክ፣ ቅማል

ከባዱ ክፍል ይሄ ነው። መዥገር ሁለት ክፍልም ሦስት ክፍልም የለውም። ሁሉም ተዋህዶ አንድ ከረጢት ሆኗል። እንዲያውም ከእንቁላል የወጣ ጭል መዥገር እግሩ ስድስት ነው። ስምንት የሚሆነው ደም ጠጥቶ ቆዳውን አንዴ ከቀየረ በኋላ ነው። ታዲያ በምን እንለየው? በአንቴናው። ቅማል አጭርም ቢሆን አንቴና አላት። መዥገር በየትኛውም ዕድሜው የለውም።

ከብት ላይ ስትፈልጉ ጆሮ ውስጥ፣ ጡት ላይና ከጭራ ሥር እዩ። ሰው ላይ ከተጣበቀ ጋዝ አታፍስሱበት፣ በክብሪትም አታቃጥሉት። በወረንጦ ከቆዳው አስጠግታችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ።

የእከክ ተባይ የዚሁ ወገን ናት። ግማሽ ሚሊሜትር አትሞላም፣ በዓይን አትታይም። ቆዳ ውስጥ ትቆፍራለች። በጣቶች መሃልና የእጅ አንጓ ላይ ነው የምትበዛው፣ ማታ ማታ ማሳከኩ ይብሳል። ቅማል ግን ከላይ ናት፣ ትታያለች። ግርሻና ተስቦ የምታስተላልፈው የልብስ ቅማል የምትኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው፤ ልብሱን በፈላ ውኃ መቀቀል ትልቅ ሥራ ይሠራል። ለእከክ ግን ልብስ ማጠብ ብቻ አይበቃም። የሚቀባውን መድኃኒት ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ መጠቀም አለበት፣ የማያሳክከውም ጭምር። አንዱ ከቀረ ተመልሶ ይመጣል።

ደረጃ 7፦ ማሳ ላይ

በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ ቲማቲም የሚያለማ ሰው ይሄን ክፍል ያንብብልኝ። ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ቢጫ ነጥቦች ከታዩ፣ ቀጥሎ ነሐስ መልክ ይዞ ከደረቀ፣ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት። ትንሽ ጠብቁ። አቧራ የመሰለው ነገር መሄድ ከጀመረ፣ ከቅጠሉ ሥር ስስ ድር ካለ፣ ነፍሳት አይደለም። ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ ነው። ደረቅና ሞቃት ወቅት ይመቸዋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። ገበሬው ለተምች የገዛውን ይረጫል። አንዳንዱ ፀረ ነፍሳት እነዚህን አይገድልም፤ የሚበሏቸውን ጢንዚዛዎች ግን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ማሳው ከመረጨቱ በፊት ከነበረው ይብሳል። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ቅጠሉን በፕላስቲክ አሽጋችሁ ውሰዱ። ዕቃው ላይ የተጻፈውንም ለየትኛው ተባይ እንደሆነ ሳታነቡ አትክፈሉ።

በተቃራኒው፣ በራያ በኩል በለስ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ይታያል። እግር የለው፣ ክንፍ የለው፣ ሻጋታ ይመስላል። ነጩን በእንጨት ጫፍ ገፋ አድርጋችሁ ውስጡ ያለችውን ወረቀት ላይ ጨፍልቋት። ደማቅ ቀይ ቀለም ትተፋለች። ይህች ኮችኒያል የምትባል ነፍሳት ናት። ነጩ ነገር ራሷ ያመረተችው ሰም ነው፣ እግሮቿ ከሥሩ ናቸው። በሌላ አገር ለዚህ ቀለም ሲሉ ያረቧታል፣ እኛ ዘንድ ግን በለሱን ነው የምታደርቀው።

መቶ እግርና ሺህ እግር የሚባሉት ከሁለቱም ወገን አይደሉም። እግራቸውን ለመቁጠር አትድከሙ።

ደረጃ 8፦ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ

ሸረሪቱንና ፌንጣውን ልቀቁ። ትኋንና ቅማሉን የፈላ ውኃ ውስጥ ጨምሩ። መዥገሩን ግን ለእንስሳት ሐኪም ለማሳየት አቆዩት። መዳኒት ቤት የሚሸጠውን አልኮል ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርጋችሁ እሱ ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ትንሽ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ ከየትኛው ከብት የትኛው አካል ላይ እንደተነሳ ጻፉና ወረቀቱን ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ። ስትጽፉ በእርሳስ ይሁን። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል።